«ትንሽ ላግልኝ» አትበለኝ! በናይትረስ ሞተር ቴስታታና ኮምፕረሽን ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የድራግ ውድድር በስልኩ ሲያይ ያደረ ልጅ ድሬ ላይ ቶርኖ ቤት ሲመጣ የሚለው ነገር ያው አንድ ነው። «ቴስታታውን ትንሽ ላግልኝና ኮምፕረሽኑ ከፍ ይበል፣ ናይትረስ ልገጥምበት ነው።» አቦ፣ ሁለቱን ማን አጋባቸው? ቴስታታ የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፤ መላግ ማለት ፊቱን በማሽን መቅረፍ፤ ኮምፕረሽን ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው፤ ናይትረስ ደግሞ ከጠርሙስ ወደ ሞተሩ የሚለቀቅ ጋዝ ነው።

ያለ ናይትረስ ለሚሮጥ ሞተር ኮምፕረሽን መጨመር ጉልበት ነው፣ እውነት ነው። ናይትረስ ላይ ግን ጉልበቱ የሚመጣው ከጠርሙሱ ነው። አየር በክብደቱ 23 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ሲኖረው ናይትረስ 36 በመቶ አለው። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል። ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ ግፊቱ ያሻቅባል። ኮምፕረሽኑ ድሮውንም ከፍ ያለ ከሆነ ያልተቃጠለው ድብልቅ እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ይነሳል። ሞተሩ ያንኳኳል። የናይትረስ ማንኳኳት ደግሞ እንደ ሽቅብ ማንኳኳት ማርሽ ቀይረህ የምታልፈው አይደለም። አንድ ሩጫ ላይ ፒስተኑን የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቦታው ላይ ይሰብረዋል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ባለ አራት ሲሊንደር 1600 ሞተር አለህ እንበል፣ አንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 50 ሲሲ ከሆነ 450 ለ50፣ ማለትም 9 ለ1 ነው። 5 ሲሲ ብትቀንስ 445 ለ45 ሆኖ ወደ 10 ይጠጋል። የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊ ከሆነና ቻምበሩ (ቴስታታው ሥር ያለው የማቃጠያ ጉድጓድ) ሙሉ ስፋቱን ከያዘ፣ 5 ሲሲ ለመቀነስ 1 ሚሊ መላግ ይበቃል። «ትንሽ» ያልከው ይሄ ነው።

ዋናው የሚያናድደኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ የተላገ ቴስታታ ይሳሳል። በቻምበሩና በውሃው መተላለፊያ መሃል ያለው ብረት ነው ግፊቱን የሚችለው። የናይትረስ ሞተር ወፍራም ወለል ያለው ቴስታታ ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ ያለችውን ታስቀርጣለህ። አንድ ልጅ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የተላገ የኮሮላ ቴስታታ ይዞልኝ መጣ። ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር የሚገባውን ማሸጊያ) ሳየው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል ጥቁር መስመር ተቃጥሎበታል፣ በእርሳስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜበት ከሥሩ ብርሃን አየሁ። ቴስታታው ጎብጧል። ልጁ ምን አለኝ? «እንግዲያው አንዴ ደግመህ ላገው።» የተላገ ብረት አይመለስም ወንድሜ! ኮምፕረሽን ማስተካከል ከፈለግክ በፒስተን አስተካክል፣ እሱም ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ከቪዲዮ ቁጥር መገልበጥ ነው። እዚያ 14 ለ1 የሚሉት በውድድር ነዳጅ ነው፤ አንተ የምትቀዳው የማደያ ቤንዚን ነው። በማደያ ቤንዚን ናይትረስ የምትጠቀም ከሆነ 9 አካባቢ ያለው ሞተርህ ይበቃሃል፣ አትነካካው። ሌላም አለ፤ ሐረር ላይ የማያንኳኳ ሞተር ደንገጎን ወርዶ ድሬ ሲገባ ሊያንኳኳ ይችላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። እታች አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ ሐረር ሞክሬዋለሁ ብለህ ድሬ ላይ አትተማመን።

ቴስታታ ሲመርጡ ሁሉም የሚያየው የማስገቢያውን ቀዳዳ ነው። በጣት እየለኩ «ሰፊ ነው!» ይላሉ። ናይትረስ እኮ ኦክስጅኑን ይዞ ነው የሚገባው፤ የሚቸግረው መውጣቱ ነው። የሚቃጠለው ሲበዛ የሚወጣው ጭስም ይበዛል። የጭስ ቫልቩ ሻል ያለ፣ መውጫው በደንብ የሚተነፍስ ቴስታታ ፈልግ። የማስወጫው ፍሰት የማስገቢያውን 75 ወይም 80 በመቶ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ቻምበሩን ሳይለኩ «ከካታሎግ አይቻለሁ» ማለትም አለ። አራቱ እኩል አይደሉም፣ በተለይ ተበይዶ የሚያውቅ ቴስታታ። ልኬቱ ርካሽ ነው። ቫልቮቹንና ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ትገጥማለህ፣ ቴስታታውን ገልብጠህ ውሃ ልክ ታስቀምጣለህ፣ ዙሪያውን ስስ ግራሶ ቀብተህ ትንሽ ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ መስታወት ትለጥፍበታለህ፣ ከዚያ ከፋርማሲ በገዛሃት 20 ሚሊ ሲሪንጅ ናፍጣ እየሞላህ ትቆጥራለህ። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ ከቀዳዳዋ ሥር ስትወጣ አቁም። የፈሰሰው የቻምበሩ ሲሲ ነው። የጓርኒሲዮኑን ውፍረትና የፒስተኑን ጉድጓድ መደመር እንዳትረሳ። እግረ መንገድህን ቻምበሩ ውስጥ ሹል ጠርዝ ካለ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው፤ ሹል ነገር ግሎ ድብልቁን ያለጊዜው ያቀጣጥላል።

የፋሻ ክፍተት ከተለመደው ይስፋ፣ ሙቀት ሲበዛ ጫፎቹ ይጋጠሙና ፒስተኑን ይበሉታል። ካንዴላ ቀዝቃዛውን፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣውን ግጠም። ብልጭታውን ናይትረሱ ለሚጨምረው ለየ50 የፈረስ ጉልበት ወደ 2 ዲግሪ አዘግይ። ቤንዚኑ ሳይጨመር ናይትረስ ብቻ አትልቀቅ፣ ፒስተን ይቀልጣል።

የድሬ ፀሐይም አለች። ናይትረስ ከ36.4 ዲግሪ በላይ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፣ ግፊቱም ያኔ 72 ባር ደርሷል። ሰኔ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ይህን ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። ጠርሙሱን ኋላ መስኮት ሥር ትተህ በርጫ ከገባህ፣ ስትመለስ ከቤንዚኑ ጋር ያመጣጠንከው ልክ ተበላሽቷል፣ ሲብስም የደህንነት ቆቡ ፈንድቶ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጌጅ ግጠምለት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ሐረር ላይ ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ግፊቱ ወረደ ብለህ በላምባ ነበልባል እንዳታሞቀው።