ማግኔት ከክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲያስነሳ እንዴት እንደሚለካ

ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር በትምህርት ቤት ተምረናል። እዚህ የምንለካው ግን ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ክሪስታል በማግኔት መስክ ውስጥ ይቀመጣል። አንደኛው ፊቱ አዎንታዊ፣ ተቃራኒው ፊቱ አሉታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይይዛል፤ መስኩ ጸንቶ ቢቆምም ሙሉ አብሮ ይቆያል።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪ እንዲህ ያለ ክሪስታል ሊኖር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1894 ገምቶ ነበር። የሶቪየቱ የፊዚክስ ሊቅ ድዝያሎሺንስኪ በ1959 ክሮሚየም ኦክሳይድን ለይቶ አመለከተ። በ1960 የአገሩ ሰው አስትሮቭ በዚሁ ክሪስታል ላይ የኤሌክትሪክ መስክ ማግኔትነትን ሲያስነሳ ለካ፤ በተከታዩ ዓመት ፎለን፣ ራዶ እና ስታልደር የተገላቢጦሹን ለኩ። እኛ የምንከተለው የኋለኞቹን መንገድ ነው። ጠንካራ ኤሌክትሮማግኔትና እጅግ ጥቂት ሙል የሚለካ ኤሌክትሮሜትር ስለሚያስፈልግ ሥራው የቤተ ሙከራ ነው።

ደረጃ 1፦ ክሪስታሉን ያዘጋጁ
ክሮሚየም ኦክሳይድ በዱቄት መልኩ የታወቀ አረንጓዴ ቀለም ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግን ወደ ጥቁር የሚያደላ ነጠላ ክሪስታል ነው። ከዋናው የሲሜትሪ ዘንጉ (ክሪስታሉ ዙሪያውን ሲዞር አሠራሩ ራሱን የሚደግምበት መስመር) ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚሠራ አቅጣጫ በስሱ ይቁረጡት፤ 0.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 10 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ይበቃል። አቅጣጫው ትክክል መሆኑ በኤክስሬይ ይረጋገጣል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ፊቶች ብር ይቀቡ
በእያንዳንዱ ፊት ላይ የብር ቅብ ቀብተው ቀጭን ሽቦ ያያይዙ። ቅቡ ሲደርቅ የክሪስታሉን ጠርዝ ዙሪያውን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በጎኑ ላይ የወረደች አንዲት የብር ክር ሁለቱን ፊቶች ካገናኘች ሙሉ በእርሷ በኩል ያልቃል፤ መሣሪያው ምንም አያነብም።

ደረጃ 3፦ ክሪስታሉን ያሠልጥኑ
ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ መረዳት ይገባል። እያንዳንዱ የክሮሚየም አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሆን የአቶሞቹ አቅጣጫ የተዘበራረቀ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዙ ግን በዘንጉ ላይ ይሰለፋሉ፦ ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። ነገር ግን ሰልፉ ታች፣ ላይ፣ ታች፣ ላይ ሊሆንም ይችላል። ሁለቱ ሰልፎች በጉልበት እኩል ናቸውና ተፈጥሮ ለአንዱ አታደላም። የሚያስነሱት ሙል ግን ተቃራኒ ነው። ክሪስታሉ ያለ መሪ ከቀዘቀዘ ከፊሉ አንደኛውን፣ ከፊሉ ሌላኛውን ሰልፍ ይይዝና አንዱ የሌላውን ሙል ያጠፋል።

ላይና ታቹ ስለሚጣፋ የማግኔት መስክ ብቻውን ለመምረጥ የሚጨብጠው ነገር የለም። የኤሌክትሪክ መስክም ብቻውን አይችልም። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ግን ይመርጣሉ፤ ይህ የመላው ጉዳይ ውበት ይመስለኛል። ስለዚህ ክሪስታሉን እስከ 50 ዲግሪ ያሙቁት። ለምሳሌ 250 ቮልትና 0.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት መስክ መለኪያ ነው)፣ ሁለቱንም በዘንጉ አቅጣጫ ያድርጉበት። ከዚያ ሁለቱም እንደበሩ ቀስ አድርገው ያቀዝቅዙት። 34 ዲግሪን እንዳለፉ ቸኩለው አያጥፉ። ቮልቴጁ አደገኛ ስለሆነ በመስመሩ ላይ ትልቅ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ያስገቡ።

ደረጃ 4፦ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያቁሙት
የክሮሚየም ኦክሳይድ ምላሽ በዘንጉ አቅጣጫ እጅግ የሚጎላው በዚህ ሙቀት አካባቢ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ግን የአየሩ እርጥበት በክሪስታሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ሙሉን ያፈስሰዋል፤ ክሪስታሉ ያለበትን ዝግ ሣጥን በደረቅ ናይትሮጅን ይሙሉት ወይም አየሩን ያውጡ።

ደረጃ 5፦ የቆየውን ሙል ያስወግዱ
ቮልቴጁንና መስኩን ካጠፉ በኋላ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝተው ኤሌክትሮሜትሩ እስኪረጋጋ ይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ መስኩን ከፍ አድርገው ያንብቡ
ሽቦዎቹን ለያይተው ከኤሌክትሮሜትሩ ጋር ያገናኙና መስኩን ከዜሮ እስከ 1 ቴስላ ቀስ ብለው ያሳድጉ። በዚህ ስፋት ላይ የሚጠብቁት ሙል 33 ፒኮኩሎምብ (የሙል መለኪያ የሆነው ኩሎምብ ትሪሊዮንኛ) ያህል ነው፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው በውጭው ሽቦ የዞሩ 200 ሚሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በመለኪያው ጊዜ የኬብል መንቀጥቀጥ ብቻ ይህን የሚያህል ሐሰተኛ ንባብ ሊሰጥ ስለሚችል ኬብሉን በጠረጴዛው ላይ አጥብቀው ይሰሩት።

ደረጃ 7፦ ያገኙትን ይጠራጠሩ
መስኩን በግማሽ ሲቀንሱ ሙሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ መስኩን ሲገለብጡ የሙሉ ምልክትም ይገለበጣል። መስኩን በአንድ ዋጋ ላይ ሲያቆሙት ሙሉ ጸንቶ መቆየት አለበት፤ በሽቦው ቀለበት ውስጥ የሚነሳው ተራ ኤሌክትሪክ ግን መስኩ ሲቆም ይጠፋል።

ወሳኙ ፈተና ግን ወደ ደረጃ 3 መመለስ ነው። ክሪስታሉን እንደገና አሙቀው፣ የማግኔት መስኩን ሳይነኩ ቮልቴጁን ብቻ ገልብጠው ያሠልጥኑት፤ የሙሉ ምልክት ይገለበጣል። ለሦስተኛ ጊዜ አሙቀው ከመጀመሪያው አንጻር ቮልቴጁንም መስኩንም ገልብጠው ቢያሠልጥኑት፣ ሰልፉን የሚወስነው የሁለቱ ብዜት ስለሆነ፣ ምልክቱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ኬብልም ሆነ ሽቦ ክሪስታሉ እንዴት እንደቀዘቀዘ አያስታውስም፤ ክሪስታሉ ያስታውሳል።