ከማንጎ ቅጠል እስከ ጂኖም፦ የአንትራክኖዝን ፈንገስ ለንባብ ማዘጋጀት

ሐርቡም ሆነ መርሳ፣ የማንጎ ቅጠልና አበባ የሚያጠቁረው አንትራክኖዝ ኮሌቶትሪከም ከተባለ ፈንገስ ይመጣል። ጂኖሙን (ሙሉውን የዲኤንኤ ጽሑፍ) በማሽን ለማስነበብ የሚወጣው ገንዘብ የሚባክነው ግን ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ሳይደረስ ነው። ማሽኑ ያቀረቡለትን ሁሉ ያነባል፤ ቆሻሻውንም ጭምር።

ናሙናውን በክረምት ውሰዱ። መሃሉ የተቀደደ አሮጌ ቁስል ሌላ ሻጋታ ስለሚሰፍርበት ገና እየሰፋ ያለውን ምረጡ። በወረቀት ፖስታ ያዙት፤ በፌስታል ከታሰረ ደሴ እስኪደርስ አልቦት ይበሰብሳል።

ከቁስሉና ከጤነኛው ድንበር 5 ሚሊሜትር ቁራጭ ቁረጡ። 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በረኪና ውስጥ 1 ደቂቃ ይቆይ (5 በመቶ የሆነው የሱቅ በረኪና አንድ እጁ ከአራት እጅ ውሃ ጋር)። ንጹሕ በተደረገ ውሃ 3 ጊዜ አለቅልቃችሁ ድንች ዴክስትሮዝ አጋር (ፈንገስ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ አስቀምጡ፦ በሊትር 39 ግራም፣ 25 ዲግሪ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ጥጥ የመሰለው ሻጋታ ላይ ብርቱካንማ ጠብታ ሲያቆር ስፖሩ (ፈንገሱ የሚራባበት ዘር መሰል ቅንጣት) ደርሷል።

እዚህ ላይ ነው የሚቸኮለው። ጠብታውን በመርፌ ጫፍ ነክታችሁ በውሃ በጥብጡ፣ ውሃ አጋር (ምግብ ያልተጨመረበት አጋር) ላይ በስሱ አፍስሱ፤ በነጋታው በማይክሮስኮፕ ለብቻው የበቀለ አንድ ስፖር ፈልጋችሁ እሱን ብቻ አዛውሩ። ይህን የዘለለ ሰው ሁለት ፈንገስ የተደባለቀበት ጂኖም ይረከባል። ከ55 እስከ 60 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ የሚጠበቀው ጂኖም አብጦ ሲመጣ ይገባዋል፣ ከከፈለ በኋላ።

ከአንዱ ስፖር የበቀለውን በፈሳሽ ድንች ዴክስትሮዝ 3 ወይም 4 ቀን ብቻ አሳድጉ፤ ካረጀ ቀለሙና ስኳሩ ይበዛል። አጣርታችሁ 100 ሚሊግራሙን በፈሳሽ ናይትሮጅን ዱቄት እስኪሆን ውቀጡ። ዱቄቱ ሳይቀልጥ የሞቀ ሲታብ (ሴሉን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጨምሩ፤ ከቀለጠ የራሱ ኢንዛይሞች ዲኤንኤውን ይቆራርጡታል። 65 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ፕሮቲኑን የሚለይ ክሎሮፎርም፣ ዲኤንኤውን የሚያዘቅጥ አይሶፕሮፓኖል፣ በ70 በመቶ አልኮል ማጠብ፣ አርኤንኤን የሚያጠፋ ኢንዛይም። ቱቦውን በቀስታ ገልብጡ እንጂ አትነቅንቁ፤ ለረጅም ንባብ የሚፈለገው ያልተበጣጠሰ ክር ነው።

የዲኤንኤው ዝቃጭ እንደተዘፈዘፈ ተልባ ከተዝለገለገ ስኳር አለበት፤ ክሩን በጥቃቅን ቀዳዳ አሳልፎ በሚያነበው ናኖፖር ማሽን ላይ ቀዳዳ ይደፍናል። በሲታብ መልሳችሁ አጽዱት። ንጽህናን በብርሃን የሚለካው የ260/280 ልኬት (ፕሮቲን መቅረቱን ያሳያል) 1.8 አካባቢ፣ የ260/230 ደግሞ (የስኳርና የኬሚካል ቅሪትን ያሳያል) ከ2.0 እስከ 2.2 ይሁን። በብርሃን ሁሉንም የሚቆጥረው ናኖድሮፕ ዲኤንኤን ብቻ ከሚለካው ኪውቢት እጥፍ ካሳየ፣ ብዙውን ጊዜ የቆጠረው አርኤንኤን ነው።

ፈንገስን ለመለየት የሚነበበው አይቲኤስ የተባለ የዲኤንኤ ክፍል ብቻውን የዚህን ቡድን ዝርያዎች አይለይም፤ ጋፕዲኤች የተባለው ጂንም ይነበብ። እያንዳንዱ ፊደል በአማካይ 50 ጊዜ እንዲነበብ (50 እጥፍ ሽፋን) 3 ቢሊዮን ፊደል ገደማ እዘዙ። ከዚሁ ከአንዱ ስፖር የበቀለውንም በ20 በመቶ ግሊሰሮል፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀሩ፤ ከሳህን ወደ ሳህን ሲመላለስ የከረመ ፈንገስ ማንጎ ማሳመሙን ሊተው ይችላል።