ተቅማጥና ደም ሲመላለስ የሰገራ ምርመራ በደንብ እንዴት ይሰራል

ጎንደር ላይ ሆዴን ካልክ መልሱ ያው አሜባ ነው፣ ፍላጅል ይዘህ ትወጣለህ። አንዳንዴ ልክም ነው። ግን ተቅማጡ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ካለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነና ኪሎ ከቀነስክ ክሮንስ ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ (አንጀት ለረጅም ጊዜ እንዲቆጣና እንዲቆስል የሚያደርጉ በሽታዎች) ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙን በግልፅ ጠይቀው። እህቴ ይሄን የሚጠይቅላት እስክታገኝ ፍላጅል ስትውጥ ከረመች፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

መጀመሪያ ተራው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ይሰራ። ዕቃውን ከላብራቶሪው ውሰድ፣ የታጠበ የመድሃኒት ብልቃጥ አይሆንም።

ዋናው ጣጣ አወሳሰዱ ላይ ነው። መጀመሪያ ሽንትህን ሽና፣ ከዛ ደረቅ ፖፖ ላይ ተቀመጥ፣ ሽንትም የመታጠቢያ ውሃም እንዳይነካው። ደም ወይም ንፍጥ ያለበትን ቦታ መርጠህ በእንጨቷ ባቄላ የምታክል አንሳ፣ ደህና ከሚመስለው ጋ አታደባልቀው። ቀጭን ተቅማጥ ላይ ያለ አሜባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ስለዚህ ከአዘዞ በታክሲ ፒያሳ ድረስ ይዘህ ከምትመጣ እዛው ላብራቶሪው ሽንት ቤት ብትሰጥ ይሻላል፣ የቆየ ሳምፕል ኔጌቲቭ ቢልህ አትመነው። ጎርጎራ ጣና ውስጥ የምትዋኝ ከሆነ ንገራቸው፣ ብልሃርዚያም ደም ያመጣል።

ቀጥሎ ካልፕሮቴክቲን። ይሄ አንጀት ሲቆጣ ከነጭ የደም ሴሎች ወደ ሰገራ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፣ ተራው ምርመራ ውስጥ ስለሌለ ለብቻው መታዘዝ አለበት። ሁሉም ላብራቶሪ አይሰራውም፣ ቀድመህ ደውልና ሳምፕሉን እንዴት እንደሚቀበሉ ጠይቅ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውጤቱን ከፍ ስለሚያደርጉት ለወገብህም ለራስ ምታትም የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ተናገር፣ ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ግን በራስህ አታቁም። ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል፣ ለዚህ ነው ማይክሮስኮፑ የሚቀድመው።

አዋቂ ላይ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ የአንጀት መቆጣት የመኖሩ ዕድል ጠባብ ነው። ከ250 በላይ ከሆነ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) ያስፈልጋል፣ መሃል ላይ ከሆነ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል።

ቁጥሩ ብቻውን የበሽታውን ስም አይነግርህም፣ የሚለየው ኮሎኖስኮፒና የሚወሰደው ናሙና ነው። እኛ ጋ ደግሞ የአንጀት ቲቢ ክሮንስን ቁርጥ ይመስላል፣ አሜባም ኮላይቲስን። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን (የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ) ከመጀመርህ በፊት ቲቢውም አሜባውም መጣራታቸውን ጠይቅ፣ አሜባ እያለ ፕሬድኒሶሎን ከተወሰደ አንጀት እስከመበሳት ሊደርስ ይችላል።