ተማሪዎችን የብዕር ጓደኛ ስናስይዝ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

«ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።» ይህን ሰላምታ የማያውቅ የለም። ሰላምታው ምንም አላጠፋም። ጉዱ የሚመጣው መምህሩ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሃምሳ ተማሪ ሲገለብጠው ነው። ወዲያ ማዶ ፖስታው ሲከፈት ሃምሳ ጊዜ ያው ነገር ይነበባል። ልጆች ደግሞ ደብዳቤ ማስተያየት ይወዳሉ፤ ወዲያው ይነቁበታል።

ሰላምታውንና የአድራሻውን አጻጻፍ በጋራ ያስተምሩ። ቀሪው የልጁ ይሁን። የባሕር ዳር ተማሪ «ከተማችን ውብ ናት» ብሎ ካቆመ፣ ጠዋት ሲመጣ ምን እንዳየ ይጠይቁት። «የደንገል ታንኳ።» ሰዎቹ ምን እያደረጉት ነበር? «ከሐይቁ አውጥተው ፀሐይ ላይ አቆሙት።» ለምን? «ውኃ ይጠጣና ይከብዳላ!» በቃ፣ ይህንኑ ይጻፍ። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ከየትም አያገኘውም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ተቀባዩ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ ይኑር። «የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ማን ነው?» መጽሐፍ ላይ ስላለ አይረባም። «እናንተ ቤት የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው የሚመጣው?» የሚለው ግን ልጁን ወላጆቹን ያስጠይቀዋል።

ሌላው ስህተት የብዕር ጓደኛ ሲባል የግድ ፈረንጅ አገር መፈለግ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ናቸው፤ መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የከፍታ ልዩነታቸው ግን ከ500 ሜትር ይበልጣል። ደጋና ወይና ደጋን በቃል ከማስጠናት፣ ሁለቱ ክፍሎች ለአንድ ሳምንት በተመሳሳይ ሰዓት ሙቀት ለክተው ቢለዋወጡ ይሻላል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠዋት ጠዋት ምን ለብሰው እንደመጡ ይጻፉ። የደሴው ሹራብ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተውም አለ። ካርታ በእጅ ካልተነካ ጌጥ ነው። መስፈርቱ 1 ለ2,000,000 በሆነ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በማስመሪያ ይለኩ። 16 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል፤ 320 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የብዕር ጓደኛው ግን በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል በአውቶቡስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዘ ይጽፍላቸዋል። የቀረው የት ገባ? እዚህ ላይ መልሱን ለመንገር አይቸኩሉ። መንገዱን በክር ይከተሉት። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ተጠማዝዞ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሲመለስ በጣታቸው ይደርሱበታል።

ቀይ እስክሪብቶውን ትንሽ ያሳርፉት። ረቂቁ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ያርሙ፤ ተማሪው ራሱ ይገልብጥ። ከወዲያ የመጣን ደብዳቤ ግን በፍጹም አያርሙ። በተለይ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ከሆነ ልጅ ጋር ከተጻጻፉ፣ በፊደል ግድፈት መሳቅ ጓደኝነቱን ያቆመዋል።

ጊዜውንም አለማስላት ብዙ ፕሮጀክት ገድሏል። መስከረም በምዝገባ ያልቃል፤ ሰኔ ፈተና ነው። ጥቅምት ላይ ቢጀመር ጥሩ ነው። ሃምሳ ፖስታ ለየብቻ መላክ ወጪም ጣጣም ስለሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፖስታ አድርገው ወደ ትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን በአደራ ይላኩ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ። የልጆቹ የቤት አድራሻና የወላጅ ስልክ ደብዳቤው ላይ አይግባ።

ውጭ አገር ካሉ የአማርኛ ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤቶች ጋር ለመጻጻፍ ዕድሉ ካለ፣ ቀኑና ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። «ታኅሣሥ 15» ለሁለቱ ልጆች አንድ ቀን ላይሆን ይችላል። ሲስማሙ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል፦ ሁለቱም ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት መዝግበው ይላላኩ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር ዋሽንግተን ላይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ጁን ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ትቆያለች። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለ ምድር ወገብ ለማውራት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

መልስ ያልደረሰው ልጅም አይረሳ። የሁለቱ ክፍሎች ቁጥር እኩል ስለማይሆን፣ ሁለት ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆኑ ጎበዞችን አስቀድመው ይያዙ። እሱም ካልሆነ የወዲያኛው መምህር በራሳቸው ስም ይጻፉለት። በልጅ ስም አስመስለው ግን አይጻፉ፤ የመምህር እጅ ጽሑፍ ወዲያው ይታወቃል።