ለመረጃ ደህንነት ስንት ብር ይበቃል? ለትንሽ ድርጅት የሚሆን አሠራር

አንድ ሰኞ ጠዋት የቢሯችን የሂሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልነሳም አለ። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ተቀይሯል፤ ዴስክቶፑ ላይ «ፋይላችሁን ከፈለጋችሁ ክፈሉ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጧል። «ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ» ስትል ትንሽ ተረጋጋን። ባክአፑ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹ ግን ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ ነበር። ቫይረሱ እሱንም አብሮ በልቶታል።

የሦስት ወር ደረሰኝ ከቦክስ ፋይል እየወጣ አንድ በአንድ እንደገና ተመዘገበ። ቫት የማሳወቂያው ቀን ደርሷል፤ እኛ ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን ደረሰኝ እናነባለን። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ውድ አንቲቫይረስ፣ ካሜራና እስካሁን ማንም ያልነካው ሰርቨር ገዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ካሜራ እኮ ቫይረስ አያይም።

ያ ሁሉ ብር ከመውጣቱ በፊት መደረግ የነበረበትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ምን እንዳላችሁ ጻፉ

ኮምፒውተር አትቁጠሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይህ ነገር ነገ ጠዋት ባይኖር ሥራ ይቆማል ወይ?» ዕቃ ለሚያስመጣ ሱቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሂሳብ ፋይሉ፣ ከአቅራቢው ጋር የሚጻጻፍበት ኢሜይል፣ የባለቤቱ ስልክ ላይ ያለው የባንክ አፕ እና ዕቃው የሚሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ነው። ቻናሉን አትናቁ። ማን ከፈተው? በማን ሲም ካርድ? ከሥራ የለቀቀ ልጅ ቁጥር ላይ ከሆነ፣ ደንበኞቻችሁ ያሉት በእሱ ኪስ ውስጥ ነው።

2. ለእያንዳንዱ የብር ዋጋ ስጡ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እኔ ምኑን አውቀዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ግን ግምት ይበቃል። የሂሳብ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ መልሶ የማስገቢያው ክፍያ፣ ሥራ የቆመበት ቀንና ቅጣቱ ተደምሮ ለምሳሌ 300,000 ብር ይሁን። በ3 ዓመት አንዴ ሊደርስ ይችላል ካላችሁ፣ በዓመት ሲካፈል 100,000 ብር ነው። ሁሉንም እንዲህ አስሉና ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ። ዝርዝሩ ራሱ ያስገርማችኋል። እኛ የፈራነው ከውጭ ሰብሮ የሚገባ ሌባ ነበር፤ ከላይ የተቀመጠው ግን ፍላሽ ሆኖ ተገኘ።

3. ጣሪያውን ወስኑ

በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ላውረንስ ጎርደን እና ማርቲን ሎብ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ ጉዳይ በስሌት አይተውት ነበር። አንድን መረጃ ለመጠበቅ፣ ይደርሳል ተብሎ ከሚጠበቀው ኪሳራ 37 በመቶ በላይ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም ይላሉ። በእኛ ምሳሌ 37,000 ብር ገደማ መሆኑ ነው። 200,000 ብር የሚጠይቅ ሻጭ ሲመጣ ወረቀቱን አውጡና አሳዩት።

4. መጀመሪያ ብር የማይጠይቀውን ጨርሱ

ኢሜይልና ቴሌግራም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ለመግባት አንድ ሳይሆን ሁለት ማረጋገጫ ይጠይቃል ማለት ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍ እንደሚቀበሉት ሁሉ ፓስወርዱንም በዚያው ቀን ቀይሩ። ደንበኛ የከፈለበትን ስክሪንሾት አትመኑ፤ ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን ራሳችሁ እዩ።

አስመጪ ከሆናችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ከቻይናው አቅራቢ ኢሜይል ይመጣል፦ «ባንካችንን ስለቀየርን የዚህን ዙር ክፍያ በአዲሱ ሒሳብ ላኩልን»። ኢንቮይሱ ያው ነው፣ ማኅተሙ ያው ነው፤ የኢሜይል አድራሻው ላይ ግን አንዲት ፊደል ተቀይራለች። አንዳንዴ እሷም አልተቀየረችም፤ የአቅራቢው ኢሜይል ራሱ ተጠልፏል። ገንዘቡ አንዴ ከሄደ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። መፍትሔው የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። የባንክ ሒሳብ ተቀየረ ሲባል፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ከበፊት ጀምሮ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ በድምፅ አረጋግጡ። «አለቃው ቸኩሏል» ቢባልም እንኳ።

5. ባክአፑን ከኮምፒውተሩ ለዩት

ሕጉ ቀላል ነው፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቢሮ ውጭ። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ቫይረስ የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት መርስክን ሲመታው፣ 45,000 ኮምፒውተርና 4,000 ሰርቨር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት። ድርጅቱ ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ኔትወርኩን የሚያስተዳድሩት ዋና ሰርቨሮች እርስ በርስ ቅጂ ስለሚይዙ ሁሉም አብረው ጠፉ። አንዱ ብቻ ተረፈ፦ ጋና ያለው። ለምን? በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር! ለአንድ ቀን እንኳ መብራት መጥፋት ጠቀመ። የእናንተ ዲስክም መትረፍ የሚችለው ተነቅሎ ከተቀመጠ ነው።

6. አሁን ግዙ

ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ ተሰብሮ የተጫነ) ዊንዶውስ ካለ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ፤ ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ። የቀረውን እንደ ዝርዝራችሁ ቅደም ተከተል። ከታች ያሉትን ትንንሽ ነገሮች «ቢደርስም እንችለዋለን» ብሎ መተው ነውር የለውም፤ ብቻ አውቃችሁ ተዉት።

የማያስፈልጋችሁን መረጃም አትያዙ። የደንበኛ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ በልማድ የምትሰበስቡ ከሆነ ለምን? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ኃላፊነቱን መረጃውን በያዘው ድርጅት ላይ ጥሏል። ያልያዛችሁት ወረቀት አይሰረቅም፣ ወጪም የለውም።

7. መልሳችሁ ክፈቱት

ባክአፕ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ መክፈቱ ሌላ። በወር አንዴ ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሱና ያለፈውን ወር ሽያጭ አውጡ። እኛ ጋ አሁን ይህ የሚሠራው በወሩ መጨረሻ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው ስንሞክር አንዱ ዲስክ ቀጭ ቀጭ አለና አልከፈት አለ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሁለተኛውን ከካዝና አውጥታ ሰካች፤ ሽያጩ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ገዛን።