የጥላቻ ንግግርን ክፍል ውስጥ ለማወያየት ላሰባችሁ መምህራን

የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ጽሑፍ ለውይይት ስትመርጡ ስክሪንሾቱን እንዳለ ፕሮጀክተር ላይ አታውጡት። ስምና ፎቶው ቢሸፈን እንኳ ዐረፍተ ነገሩን ጎግል ላይ የፈለገ ተማሪ ባለቤቱን ሊያገኘው ይችላል። ሐሳቡን ሳትለቁ ቃላቱን ቀይራችሁ እንደገና ጻፉት፤ የብሔሩን ወይም የሃይማኖቱን ስም «ቡድን ሀ» በሉት። በስልክ ማርከር መሸፈን ደግሞ አያስተማምንም፤ ቀለሙ ስስ ከሆነ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ከሥር ያለው ይነበባል።

ውይይቱን በአፍ አትጀምሩ። ቀድሞ የሚናገረው ደፋሩ ነው፤ ሌላው ወይ ከእሱ ጋር ወይ በእሱ ላይ ይሰለፋል። 5 ደቂቃ ስጡና ሁሉም ስም ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ይመልስ። ጥያቄው «ማን ልክ ነው?» ሳይሆን «ይህ ቢሰራጭ ማን ምን ይደርስበታል? ሼር ያደረገውስ ኃላፊነቱ እስከ የት ነው?» ይሁን። ወረቀቶቹን ራሳችሁ አንብቡ፤ ተማሪዎቹ ከተቀባበሏቸው የእጅ ጽሑፍ ያሳብቃል።

«አንተ የዚያ አካባቢ ልጅ ነህ፣ እስኪ ንገረን» ማለት ግን ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። ልጁን ማንም ሳይወክለው የሕዝብ ጠበቃ ያደርገዋል። ድምፅ ከፍ ከፍ ካለ ክርክሩን ለመዳኘት አትሞክሩ፤ 2 ደቂቃ ዝም ብለው እንዲጽፉ አድርጉ።

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለትምህርትና ለሳይንሳዊ ምርምር የሚደረግን ንግግር ለይቶ ይተዋል። ከክፍል የወጣ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ግን ዐውዱን ይዞ አይወጣም፤ ስለዚህ ቀረጻ እንዳይኖር ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ።