«ዝርዝሩ ተሰጥቷል»፦ ታካሚ ከነርሲንግ ሆም ሲወጣ የምንሠራቸው የአመዘጋገብ ስህተቶች

ዓርብ ከሰዓት ነበር። አንድ አባት ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው፤ ልጃቸው መኪናዋን በር ላይ አቁማ ትጠብቃለች። ዊልቸሩ ተገፋ፣ ልብሳቸው በፌስታል ተያዘ፣ ተመራርቀን ተለያየን። ሰኞ ጠዋት የሆም ሄልዝ (ቤት ድረስ ሄዶ የሚያክም ድርጅት) ነርሷ ደወለች። «ዋርፋሪን ነው ወይስ አፒክሳባን የሚወስዱት?»

ሆስፒታሉ ዋርፋሪኑን አቁሞ አፒክሳባን ጀምሮላቸዋል። ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ግን የድሮው የዋርፋሪን ብልቃጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሁለቱም ደም ማቅጠኛ ናቸው። አብረው ከተወሰዱ ደም መፍሰስን መጋበዝ ነው። ቻርቱን፣ ማለትም የታካሚውን መዝገብ፣ ከፈትኩት። «የመድኃኒት ዝርዝር ተሰጥቷል» ይላል። ለማን? በምን? የትኛው ዝርዝር? አይናገርም። ዝርዝሩ ያለበት ፖስታ በኋላ ከፌስታሉ ሥር፣ ከነጠላ ጫማቸው ታች ተገኘ። ልጅቷ አልከፈተችውም። እግዜር ይመስገን፣ ሽማግሌው ዋርፋሪኑን ገና አልነኩትም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሜዲኬር ፓርት ኤ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍልለት ቆይታ ሲያበቃ በምንሞላው ኤምዲኤስ በሚባለው የፌዴራል የታካሚ መረጃ ቅጽ ላይ አራት ጥያቄዎች ተጨምረዋል፤ ከኤ2121 እስከ ኤ2124። ሁለቱ ለቀጣዩ ተንከባካቢ ድርጅት፣ ሁለቱ ለታካሚው ናቸው። የሚጠይቁት አጭር ነው፦ የተመሳከረ (የድሮውና የአሁኑ የተነጻጸረበት) የመድኃኒት ዝርዝር ሰጣችሁ ወይ? በምን መንገድ? መልሱ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ቻርቱ ውስጥ ማስረጃው ሲፈለግ ነው ጉዱ የሚወጣው።

«ተሰጥቷል» ብሎ ማለፍ

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። እኔም ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ሽፍት ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀር እጅ ራሱ ይጽፈዋል።

ኤምዲኤሱን የሚሞላው ሰው ብዙ ጊዜ ታካሚው ሲወጣ አልነበረም። ከቀናት በኋላ ቢሮው ቁጭ ብሎ የእናንተን ኖት ያነባል። መንገዱ ካልተጻፈ ወይ ይገምታል፣ ወይ እየደወለ ያስጨንቃችኋል። ግምት ደግሞ በፌዴራል ቅጽ ላይ አያዋጣም።

የዚያ ዓርብ ኖት እንዲህ ቢሆን ኖሮስ? «2፡40 ፒኤም። ዛሬ የተመሳከረው ዝርዝር፣ 11 መድኃኒት፣ ለሆም ሄልዝ ድርጅቱ በፋክስ ተላከ፤ ማረጋገጫው ቻርቱ ውስጥ ገብቷል። የታተመ ቅጂ ለልጃቸው በእጃቸው ተሰጠ፣ አንድ በአንድ ተነበበላቸው። ዋርፋሪን መቆሙ ተነግሯቸዋል።» አራት መስመር ናት። ሰኞ ጠዋት ላብ ላብ አይለኝም ነበር።

ፋክስን ኤሌክትሮኒክ ማድረግ

ቅጹ አምስት መንገዶች አሉት። አንዱ የኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ ነው፤ ተቀባዩ በዚያው ሲስተም ገብቶ ሲያየው ወይም በሲስተሙ ሲላክለት ማለት ነው። ሁለተኛው የጤና መረጃ መለዋወጫ መረብ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ የምትሠሩ ክሪስፕን ታውቁታላችሁ፣ እሱ ነው። ሦስተኛው በቃል ነው፤ በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ። አራተኛው ወረቀት፣ አምስተኛው ሌላ።

ፋክስ የሚገባው ወረቀት ውስጥ ነው። «ከኮምፒውተር ነው የላክሁት» ብትሉም ያው ፋክስ ነው። ኢሜይልና የስልክ መልእክት ደግሞ «ሌላ» ውስጥ ይገባሉ። ብዙ ሰው ኢሜይልን ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ምልክት ያደርግበታል። አይደለም።

ደግሞ አንድ ብቻ ምረጡ አልተባለም። ፋክስ ልካችሁ፣ ደውላችሁም ካነበባችሁ ሁለቱም ላይ ምልክት ይደረጋል። ግን ሁለቱም ኖቱ ላይ ካሉ ብቻ።

ቀጣዩ ማን እንደሆነ አለመለየት

«ቤቱ ነው የሄደው» ተብሎ ታካሚው ወዴት እንደሄደ በሚጠይቀው ኤ2105 ላይ 01 ይሞላል። ሆም ሄልዝ የታዘዘለት ሰው ግን ኮዱ 12 ነው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። 12 ከሆነ ጥያቄው ለሆም ሄልዙ ሰጣችሁ ወይ ይላል። 01 ከሆነ ለታካሚው ወይም ለቤተሰቡ ሰጣችሁ ወይ ይላል። ኮዱ ሲሳሳት የሆነ ሰው ዝርዝሩ ሳይደርሰው ይቀራል፤ ቅጹም ስለሱ አይጠይቅም።

የቤተሰብ ሐኪሙን በተመለከተ፦ ዝርዝሩን ለሱም ላኩለት፣ መልካም ነው። ለኤ2121 ግን እሱ ቀጣይ ተንከባካቢ ተብሎ አይቆጠርም።

ኤምኤአር አትሞ መላክ

ይህቺን ስንቶቻችን ሠርተናታል! ኤምኤአር፣ ማለትም የመድኃኒት መስጫ ሠንጠረዡ፣ ተቋሙ ውስጥ ምን ሲሰጥ እንደነበር ያሳያል። ቤት ሲገባ ምን እንደሚወስድ አይናገርም። ቤት ከነበሩት መድኃኒቶች የትኛው እንደቆመም አይነግርም።

የፌዴራሉ ደንብ ከመውጣት በፊት የነበሩት መድኃኒቶች ሁሉ ከወጣ በኋላ ከሚወሰዱት ጋር እንዲመሳከሩ ይላል፤ በሐኪም የታዘዙትም፣ ያለ ማዘዣ የሚገዙትም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ይቀጥላል፣ ይቆማል፣ መጠኑ ተቀየረ ማለት ግድ ነው። ደም ማቅጠኛና ኢንሱሊን ላይ መጨረሻ የተወሰደበትን ሰዓት ጨምሩበት። ሰውዬው ማታ ቤቱ ገብቶ «የዛሬውን ወስጃለሁ ወይ?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የኛ ሰው ከሆነ ደግሞ ማዕድ ቤቱንም ጠይቁ። «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስትሏቸው «የለም» ይላሉ፤ አብሽ መድኃኒት ነው ብለው ስለማያስቡ። «ጠዋት በባዶ ሆድዎ የሚጠጡት ነገር አለ፣ እማማ?» በሏቸው። ያኔ አብሹም፣ ጥቁር አዝሙዱም፣ ፌጦውም ይወጣል። አብሽ የደም ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ዝርዝር ላይ መጻፍ አለበት።

በቃል ነግሮ ስም አለመጻፍ

በቃል ማስተላለፍ ይፈቀዳል። «ሪፖርት ተሰጠ» ብቻ ግን ዋጋ የለውም። ከማን ጋር እንደተነጋገራችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ዝርዝሩን መልሶ እንዳነበበላችሁ ጻፉ።

ማንበብ በማይችሉት ወረቀት መሸኘት

እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናት «ቢአይዲ» (በቀን ሁለት ጊዜ) የሚል ወረቀት መስጠት ቅጹ ላይ «አዎ» ያስብላል። እሳቸውን ግን ምንም አይጠቅማቸውም። የሠለጠነ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን አምጡ፤ የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ኖቱ ላይ ጻፉ። የልጅ ልጃቸውን «እስኪ ንገሪያቸው» አትበሏት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አማርኛ ብችልም እኔ ራሴ መድኃኒት ሳስረዳ አስተርጓሚ የምጠራበት ጊዜ አለ፤ «ዳይሬቲክ»ን «የሚያሸና» ብዬ ቤተሰብ ፊት መናገር አፌ ላይ ይከብደኛል።

የታካሚ ፖርታል እንደ መስጫ መንገድ ይቆጠራል። ግን እናትየው ስማርት ስልክ ከሌላቸው ወረቀቱንም ጨምሩ።

ሰረዝ ማድረግ

መልሱን ሳታውቁ ሲቀር ሳጥኑ ላይ ሰረዝ (-) ማድረግ ይቀናል። ከ2024 መረጃ ጀምሮ ከሚላኩት ኤምዲኤሶች ቢያንስ 90 በመቶው የሚፈለገውን መረጃ ሙሉ በሙሉ መያዝ አለባቸው፤ ድሮ 80 ነበር። ተቋሙ ከዚያ ከወረደ ከሜዲኬር ዓመታዊ የክፍያ ማስተካከያው ላይ 2 ፐርሰንቴጅ ፖይንት ይቆረጥበታል። ካልሰጣችሁ «0» (አይ) በሉ። እውነት ከሆነ «0» ከሰረዝ ይሻላል፤ ከውሸት «1» (አዎ) ደግሞ በብዙ ይሻላል።

ሌሊት በአምቡላንስ ሲወጣ መርሳት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ታካሚው ትንፋሽ ሲያጥረው ስለ ዝርዝር የሚያስብ የለም፤ አይፈረድም። ቢሆንም ድንገተኛ ክፍሉ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ በምንሠራበት ክፍል መፍትሔ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፦ አንዷ ነርስ ከታካሚው ጋር ስትሆን ሌላዋ ዝርዝሩን አትማ ለአምቡላንሱ ሠራተኛ በእጁ ትሰጠዋለች። ከዚያ ድንገተኛ ክፍሉ ትደውልና ፋክስ ትልካለች። የፋክሱን ማረጋገጫ እዚያው ከማሽኑ ላይ አንስቶ ቻርቱ ውስጥ ማስገባት ነው። አለበለዚያ ጠዋት የሚገባው ሰው የተረሳ ወረቀት መስሎት ሽሬደር (ወረቀት መቆራረጫ) ውስጥ ይከተዋል።